በድምፅ የሚነሳው ትንሹ ቴፕ የአያቴን ንግግር ይቆርጥብኛል፤ ምን ላድርግ?

የወሎዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለፋሲካ ደሴ ስሄድ የአያቴን ታሪክ መቅዳት እፈልጋለሁ። በሞባይል ሞክሬያለሁ፤ ስልኩን ስታይ ቪዲዮ እየተነሳች ስለሚመስላት ነጠላዋን ታስተካክልና እንደ ዜና አንባቢ ትሆናለች። ቴፕ ሲሆን ግን ሌላ ሰው ናት። አጎቴ ውጭ አገር በነበረበት ዘመን ደብዳቤ የምትልክለት በካሴት ነበር፤ ለቴፕ ማውራት ለምዳበታለች።

አሁን ያገኘሁት በእጅ መዳፍ የሚያዝ፣ ተራውን ካሴት የሚጎርስ፣ በሁለት ትንንሽ ድንጋይ የሚሠራ መቅጃ ነው። ጎኑ ላይ ቪኦአር የሚል ቁልፍ አለው፤ ሦስት ቦታ ይቆማል፦ አጥፋ፣ ኤል፣ ኤች። ሰው ሲናገር ራሱ ይነሳል፣ ዝም ሲባል ራሱ ይቆማል። ካሴት ይቆጥባል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። እናቴ ላይ ስሞክረው ግን ጉድ ሆነ። የተጋቡበትን ዓመት ጠየቅኳት፤ ትንሽ አሰበችና «ሰባ ሰባት» አለች። ቴፑ ላይ ያለው «ሰባት» ብቻ ነው! ደግሞ በየንግግሩ መጀመሪያ ድምፁ ቀጥኖ የሕፃን ይመስላል።

ኤች ይሻላል ወይስ ኤል? የት ላስቀምጠው? ያልተከፈቱ የ90 እና የ120 ደቂቃ ካሴቶች አግኝቻለሁ፤ የቱን ልጠቀም? ቁጥር የሚቆጥረው ነገርስ ደቂቃ ነው? ከሰዓቴ ጋር አልገጥም አለኝ።

ሞባይል_ይበቃል፦
እህት፣ በዚህ ዘመን ካሴት? ስልክሽን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርገሽ፣ ስክሪኑን ደፍተሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪው። አለቀ።

ጡረተኛው_ዘጋቢ፦
ወንድሜ ያለው ስህተት አይደለም፤ ስልኩን ደፍታ ለመጠባበቂያ ብታስቀምጠው እኔም እስማማለሁ። ግን ልጅቷ ምክንያቷን ነግራናለች። ሰው የሚያወራው ለለመደው ነገር ነው። እኔ ራዲዮ ላይ ስሠራ ትልቁን ማይክሮፎን ሲያዩ አፋቸው የሚተሳሰር ሽማግሌዎች፣ ትንሹን ቴፕ ምንጣፍ ላይ ጣል ሳደርገው ከቁም ነገር ሳይቆጥሩት ያወጉኝ ነበር።

ልጄ፣ አያትሽን ስትቀጂ ያንን ቪኦአር ዝጊው። ኤችም ኤልም አይሁን፣ ዝጊው።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። ማይክሮፎኑ ሁልጊዜ ያዳምጣል፤ ድምፁ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ሞተሩን «ተነስ» ይለዋል። ሞተር ደግሞ ከቆመበት ተነስቶ ሙሉ ፍጥነቱን እስኪይዝ ጊዜ ይፈልጋል። በዚያች ቅጽበት የተነገረው ወይ ጭራሽ አይቀዳም፣ ወይ ክሩ ገና ዝግ ብሎ እየሄደ ይቀዳል። ዝግ ብሎ የተቀዳ በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት ይፈጥናል፤ የሕፃን ድምፅ የመሰለሽ ይኸው ነው። እናትሽ ደግሞ አሰብ አድርጋ ነው የመለሰችው፤ በዚያ መሀል ቴፑ ቆሟል፣ «ሰባ» የምትለዋን ሞተሩን ለመቀስቀስ ከፈለችባት። መቅጃው አልተበላሸም፤ ሥራው ይኼ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዓመተ ምሕረቱም በላይ ዝምታው ነው። ትልቅ ሰው ሲያወጋ ይቆማል። ቡናውን ፉት ይላል፣ ይተክዛል፣ «እህህ» ይላል፣ ከዚያ ነው ስሙ የሚመጣው። ቪኦአር ይህን ሁሉ ቆርጦ ስለሚጥለው አያትሽ ያለ ዕረፍት የምትለፈልፍ ሆና ትወጣለች። የልጅ ልጆችሽ ይህን ሲሰሙ እሷን አያውቋትም። ሌላም አለ፦ እኛ ኢትዮጵያውያን ስንስማማ «አዎ» ሳንል ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን። አያትሽም ሳታደርገው አትቀርም። ያቺን ትንፋሽ ሰው ይሰማታል እንጂ ቪኦአር አይነሳላትም። «ታዲያ ቤቱን ሸጣችሁት?» ብለሽ ትጠይቂያለሽ፤ መልሱ ካሴቱ ላይ የለም። ዝምታ ከበዛ ኋላ ኮምፒውተር ላይ ትቆርጭዋለሽ፤ ያልተቀዳውን ግን ከየት ታመጪዋለሽ?

ቪኦአር ጥሩ የሚሆነው ለብቻሽ ማስታወሻ ስትይዢ ነው። እኔ በመኪና መንገድ ስሄድ ኪሴ ውስጥ አድርጌው፣ ያየሁትን በመጣልኝ ቁጥር እናገር ነበር። ዘዴው መጀመሪያ «እ…» ብሎ ወይም ጉሮሮን ጠርጎ መቀስቀስ፣ ከዚያ ነው መናገር። ኤች ማለት በትንሽ ድምፅ የሚነሳ፣ ኤል ማለት ጮክ ካላሉት የማይነሳ ነው። ለመለየት ቁልፉን ኤች ላይ አድርገሽ መቅጃውን ተጫኚና ዝም በይ፤ በዝምታው ውስጥ ክሩ ከዞረ ቤቱ ለኤች ጫጫታ ነው፣ ወደ ኤል ዝቅ አድርጊው። ቡና እየተወቀጠ ከሆነማ ቴፕሽ የሙቀጫውን ታሪክ ነው የሚቀዳልሽ።

አቀማመጡን በተመለከተ፦ ከአፏ ከግማሽ ሜትር አይራቅ። ረከቦቱ ያለበት ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጪው፤ ስኒ በተነሳና በተቀመጠ ቁጥር ይደነግጣል። ጋቢ አጣጥፈሽ ከላዩ አድርጊው፤ እንጨቱም የሞተሩን እርግብግቢት እየመለሰ አያጮህበትም። እነዚህ ትንንሽ መቅጃዎች ድምፁን ራሳቸው ነው የሚመጥኑት፤ ሰው ሲጮህ ይቀንሳሉ፣ ዝም ሲባል ከፍ ያደርጋሉ። ስለዚህ አያትሽ ዝም ስትል የጎረቤት ራዲዮና የራሱ የሞተሩ ድምፅ ገኖ ይመጣል። አትደንግጪ፣ ጠባዩ ነው። ቤቱ ቆርቆሮ ከሆነና ዝናብ ከመጣ ግን አቁሚ። ለዚያ መላ የለውም፤ ቡና ጠጡ።

የ120ውን ለጠላትሽ ስጪው። የ60ው ክር ውፍረቱ 18 ማይክሮን ገደማ፣ የ90ው 12፣ የ120ው 9 ብቻ ነው። እየቀጠነ ሲሄድ ይለጠጣል፣ ክሩን የሚጎትተው ጎማ ላይ ይጠመጠማል። የ60 ካሴት ብታገኚ ምርጫዬ እሱ ነው፤ አንዱ ጎን 30 ደቂቃ ስለሆነ አያትሽንም ያሳርፋታል። ካጣሽ የ90ው ይሁን። «ኖርማል» የሚለውን እንጂ ክሮም የሚለውን አትግዢ፤ እነዚህ መቅጃዎች ለሱ አልተሠሩም። መጀመሪያ ላይ ያለው ቀለም የሌለው ክር ምንም አይቀዳም፤ ጥቂት ሰከንድ አሳልፊውና ከዚያ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የእሷን ስም በራስሽ ድምፅ ተናገሪ።

ቆጣሪው የሚቆጥረው የጥቅልሉን ዙር ነው፣ ደቂቃ አይደለም። ጥቅልሉ ሲወፍርና ሲቀጥን የአንዱ ዙር ርዝመት ስለሚለያይ ከሰዓት ጋር በጭራሽ አይገጥምም። ጠቃሚነቱ ሌላ ነው። ስትጀምሪ ዜሮ አድርጊው፤ ደብተር ይዘሽ «112፦ ስለ ሠርጓ»፣ «240፦ ስለ ወንድሟ» እያልሽ ጻፊ። ዜሮ ማድረጉን ከረሳሽ ግን ዝርዝርሽ ለሌላ ካሴት የተጻፈ ይሆናል።

ቺንጋ፦
ጋሼ ሁሉን ተናግረውታል፤ እኔ ስለ ማሽኑ ልጨምር፣ ሙያዬ ነው። መቅጃው ዓመታት ተቀምጦ ከነበረ አያትሽ ፊት ከማቅረብሽ በፊት ከፍተሽ እዪው። ውስጡ ያለው የጎማ ቺንጋ በዕድሜ ይላላል ወይም እንደ ሬንጅ ይቀልጣል። ምልክቱ ድምፁ መዋዠቁ ነው፤ አንዴ ወፈር፣ አንዴ ቀጠን። ቺንጋው ያለቀ ካሴት ይበላል። የማያስፈልግሽን ካሴት አንድ ጎን እስከ መጨረሻ አጫውቺበት፣ ካልበላ እመኚው።

ሄዱን፣ ማለት ክሩ እየተነካካ የሚያልፍበትን የብረት ክፍል፣ እና ከጎኑ ያለችውን ትንሽ ጎማ አጽጂ። ከጆሮ ማጽጃ ጥጥ ጋር አይሶፕሮፒል አልኮል፣ 90 ፐርሰንት ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን። ፋርማሲ የሚሸጠው 70ው ውሃው ብዙ ነው። አረቄ ደግሞ በፍጹም! አረቄ የነኩት ሄዶች እኔ ጋ መጥተው ያውቃሉ፣ ሽታቸው ይናገራል። ጥጡ ቡናማ ከሆነ የድሮ ካሴት ዱቄት ነው፤ ነጭ እስኪወጣ ድገሚው፣ ሲደርቅ ካሴት ክተቺ።

ድንጋዩን አዲስ አልካላይን አድርጊ፤ ሁለቱ አንድ ላይ 3 ቮልት ይሰጡሻል። ቻርጅ የሚደረገው አንዱ 1.2 ስለሆነ ድምሩ 2.4 ነው፤ አንዳንዱ መቅጃ ይሠራበታል፣ አንዳንዱ ይደክማል። በደከመ ድንጋይ የተቀዳ ነገር በአዲስ ድንጋይ ሲጫወት ይሮጣል። ከግድግዳ ኤሌክትሪክ በአዳፕተር ልሰካ ካልሽ ቮልቱ ብቻ ሳይሆን የፕላስና የማይነሱ አቀማመጥ ከማሽኑ ላይ ካለው ምልክት ጋር መግጠሙን አረጋግጪ፤ ከተገለበጠ ማሽኑን ልታቃጥዪው ትችያለሽ።

የወሎዋ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቪኦአሩን ዘግቼ እናቴን ደግሜ ጠየቅኳት፤ ሰባ ሰባት ሙሉው ተቀድቷል። እርስዎ ያሉት ትንፋሽም አለ፣ ስትስቅ እንኳ ይሰማል። ቺንጋ፣ ጥጡ ቡናማ ሆኖ ነበር፣ ፈራሁ። አጸዳሁት፣ አልበላም።

አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ማሽኑ ላይ የማይክ ቀዳዳ አለ። የሞባይል ኢርፎኔን ብሰካው ማይኩ ይሠራል? ደግሞ ከተቀዳ በኋላ ወደ ኮምፒውተር እንዴት ነው የሚገለበጠው? የአጎቴ የድሮ ካሴቶችም ተገኝተዋል፤ አያቴ ያኔ የላከችለት ነው።

ከዳላስ፦
ስለ መገልበጡ እኔ ልመልስ፤ የወላጆቼን ካሴቶች እየገለበጥኩ ነው የከረምኩት። ከመቅጃው የኢርፎን ቀዳዳ በኬብል ወደ ኮምፒውተሩ «ላይን ኢን» ስኪ፤ ከሌላ ማሽን ድምፅ የሚቀበለው ቀዳዳ ነው። ላፕቶፕሽ የማይክ ቀዳዳ ብቻ ካለው በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የድምፅ ካርድ ግዢ፤ ሲገዛ «ላይን ኢን» እንዳለው እይ፣ የማይክ ቀዳዳ ድምፁን ያንኮሻኩሻል። የመቅጃውን ድምፅ ከመሃል አታሳልፊ። ኦዳሲቲ የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው። ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው በዋቭ ቅጂው፣ ለቤተሰብ የምትልኪውን ብቻ ኤምፒ3 አድርጊ። ድምፁ በአንድ ጆሮ ብቻ ከመጣ ማሽኑ ሞኖ (ባለ አንድ የድምፅ መስመር) ስለሆነ ነው፣ ፕሮግራሙ ላይ ሞኖ ብለሽ ቅጂ።

ለመገልበጥ ግን ያንን ትንሽ መቅጃ ባትጠቀሚ ይሻላል። ደህና የቤት ቴፕ ዴክ ያለው ዘመድ ፈልጊ፤ ልዩነቱን ትሰሚዋለሽ።

ጡረተኛው_ዘጋቢ፦
የሞባይሉ ኢርፎን አይሆንም፤ ጃኩ፣ ማለት የሚሰካው ጫፍ፣ አራት ክፍል ነው፣ የመቅጃው ቀዳዳ ለሱ አልተሠራም። ልብስ ላይ የሚቆነጠጠውን ትንሽ ማይክ ግዢ፤ ለሞባይል የተባለውን ሳይሆን ለካሜራ የሚሆነውን፣ ጃኩ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ክፍል ያለውን። አያትሽ ነጠላ ስለምትለብስ ነጠላው ላይ አታድርጊው፣ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ይፋጫል፤ ቀሚሷ ላይ፣ ከነጠላው ውጭ ይሁን። ማይክ ስትሰኪ የማሽኑ የራሱ ማይክ ይዘጋል። የምትሰኪው ማይክ የራሱ ማጥፊያ ካለው መብራቱን ወይም ቁልፉን እዪ፤ ጠፍቶ ከሆነ ክሩ በሰላም ይዞራል፣ ምንም አይቀዳም። ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ ደቂቃ ቀድተሽ፣ ወደ ኋላ አጠንጥነሽ፣ ሰምተሽ ጀምሪ።

የአጎትሽን ካሴቶች ከማጫወትሽ በፊት ከጀርባቸው ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሪ። ጥርሱ የሌለውን ካሴት መቅጃው መቅዳት እምቢ ይላል፤ እጅሽ ተሳስቶ ቀዩን ቁልፍ ቢጫን እንኳ ያኔ የላከችው ድምፅ አይጠፋም። አዲሶቹንም ሞልተው እንዳለቁ እንዲሁ አድርጊ። ዓመታት ሳይዞሩ የቆዩ ከሆነ መጀመሪያ እስከ ጫፍ አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ አጠንጥኛቸው፣ ክሩ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። በእጅ ማዞር ካስፈለገ እስክሪብቶ ታውቂያለሽ።

ደግሞ ከመጀመርሽ በፊት አያትሽን «እየቀዳሁ ነው» በያት። ደብቆ መቅዳት ነውር ነው፣ ለአያትም ቢሆን። ስለ ርስት ክርክርና ስለ ዘመድ ጠብ ስታወራ «ይኼን አጥፊው» ካለችሽ አጥፊው።

የወሎዋ፦
እሺ ጋሼ። «አጥፊው» ማለቷማ አይቀርም፤ የአክስቴ ጉዳይ አለ።