መኪናዬ ፍሬድሪክስበርግ ላይ ቀጥ ብላለች፤ ለአሮጌ መኪና ርካሽ ሮድሳይድ (የመንገድ ላይ እርዳታ) ማን ጋ አለ?

የማሂ እናት፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ከሪችመንድ ስመለስ 95 ሀይዌይ ላይ መኪናዬ አስቸገረችኝ። እንደምንም ወጥቼ ፍሬድሪክስበርግ አንድ ማደያ ግቢ አቁሜያታለሁ። ቤቴ አሌክሳንድሪያ ነው። ሁለት ልጆች ይዣለሁ። አንድ የቶው (መኪና ጎታች) ሰው ጋ ደውዬ እስከ ቤት 380 ዶላር አለኝ። ኢንሹራንሴ ላያብሊቲ (በሌላ ሰው ላይ ላደረስኩት ጉዳት የሚከፍለው) ብቻ ስለሆነ ሮድሳይድ የለሽም ተባልኩ። መኪናው አርጅቷል ብሎ እምቢ የማይል፣ ዋጋውም የማይጎዳ የምታውቁ ንገሩኝ። ነገ በጠዋት ሥራ እገባለሁ።

ቀበና፦
እህቴ፣ ምን መኪና ናት? የስንት ዓመት? ምን ሆና ቆመች? እሱን ሳናውቅ ምን እንበልሽ?

የማሂ እናት፦
ኮሮላ፣ 2005። መጀመሪያ የባትሪ መብራት በራ። ከዚያ መሪው እንደ ድንጋይ ከበደኝ። የሞተሩ ሙቀት ሲወጣ ደንግጬ አጠፋኋት። ጥያቄዬ ግን ስለ ሮድሳይዱ ነው።

የድሮ ሾፌር፦
ልጄ፣ ረጅም መንገድ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ ዘይት፣ ውሃና ጎማ ያያል። እኔ የደሴን መስመር ስነዳ ጣርማ በር ላይ ቆሜ ፍሬንና ራዲያተር ሳላይ የደብረ ሲናን ቁልቁለት አልጀምርም ነበር። እዚህ አገር ነዳጅ ሞልቶ መሄድ ብቻ ሆኗል። ሃያ ዓመት የሞላው መኪና እንደ ሽማግሌ ነው፤ ሳይታመምም ይጠየቃል። ስትመለሺ ሙሉ ምርመራ አስደርጊ።

አርሊንግተን 22፦
እኔ ግን ሐሳቡ ራሱ አይገባኝም። ለእንዲህ ያለ መኪና በየዓመቱ ሮድሳይድ መክፈል ምን ያደርጋል? ገንዘቡን ለብቻው አስቀምጪ፣ ስትቆም ከእሱ ክፈይ። ወይ ሽጪያትና ተገላገዪ።

የማሂ እናት፦
ወንድሜ፣ ዕዳ የሌለባት መኪና ናት። ሸጬ በምን ልግዛ? ያስቀመጥኩት ቢኖር ለ380 ዶላር እጨነቅ ነበር?

ናይት ሺፍት፦
ትሪፕል ኤ (AAA) የሚባለው የመኪና ክለብ አባል ሁኚ። እነሱ የሚሸፍኑት አንቺን እንጂ መኪናዋን አይደለም። የሰው መኪና ውስጥ ተሳፍረሽ ብትቆሚ እንኳ አባል እስከሆንሽ ድረስ ትጠሪያቸዋለሽ። ስለዚህ የመኪናዋ ዕድሜ አያስጨንቅሽ። ማይሉን ግን ልብ በይ። ዝቅተኛው አባልነት እንደየክለቡ ጥቂት ማይል ብቻ ነው በነፃ የሚጎትተው። አንቺ እስከ ቤት 45 ማይል ገደማ አለብሽ። ፕላስ የሚባለው 100 ማይል ይወስዳል። ችግሩ፣ ዛሬ ገብተሽ ዛሬ ብትጠሪ ተጨማሪ ሊያስከፍሉሽ ይችላሉ። የፕላሱ ረጅም ቶውም ብዙ ጊዜ ጥቂት ቀን ቆይቶ ነው የሚጀምረው። ከመክፈልሽ በፊት «አሁን ቆሜያለሁ፤ ዛሬ ብመዘገብ ስንት ማይል ትወስዱኛላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ።

ትዕግስት ዲሲ፦
ዋራንቲ ለምን አትገዢም? እኔ ጋ በየቀኑ ይደውላሉ።

ናይት ሺፍት፦
ትዕግስት፣ ዋራንቲ ሌላ ነገር ነው። እሱ የተሰበረውን ዕቃ ማሠሪያ ነው። ባላሰብሽው ሰዓት ደውሎ ዋራንቲ ለሚሸጥ ሰው ደግሞ የካርድሽን ቁጥር እንዳትሰጪ፤ አብዛኛው ማጭበርበር ነው።

ሱማሌ ተራ፦
ድንኳን አትትከሉ፤ ኮሮላ እንዲህ በቀላሉ አትሞትም። የማሂ እናት፣ የነገርሽን ምልክት ሁሉ አንድ ቦታ ነው የሚወስደኝ። በዚያች ሞተር ላይ ዲናሞውን፣ የመሪውን ፓምፕና የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው አንድ ቺንጋ (የሞተር ቀበቶ) ነው። እሱ ከተበጠሰ ባትሪው አይሞላም፣ መሪው ይከብዳል፣ ውሃው መዞር ያቆማል። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቂና ኮፈኑን ክፈቺ። ከተሳፋሪው በኩል፣ ሞተሩ ጎን ላይ እዪ። የራዲያተሩን ክዳን ግን እንዳትነኪ! ያቃጥልሻል።

ሸገር ልጅ፦
ትሪፕል ኤ ግቢ፣ ሌላ አትፈልጊ።

ቀበና፦
ሸገር፣ ከላይ ተብሏል እኮ። ልጅቷ ማይሉ አይበቃትም ነው የተባለው።

የማሂ እናት፦
ከፈትኩት። ጥቁር ቀበቶ የመሰለ ነገር ተበጥሶ ተንጠልጥሏል። ቀስ እያልኩ ብነዳት ቤት አልደርስም?

ሱማሌ ተራ፦
በፍጹም! አንድ ማይልም ቢሆን አትንጂያት። ውሃ ፓምፑ ስለማይዞር ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ተጣሞ ሞተሩን ታበላሺዋለሽ። ቤት ድረስ መጎተትም የለብሽም። ፍሬድሪክስበርግ ውስጥ ያለሽበት ድረስ የሚመጣ መካኒክ ፈልጊ፤ ካጣሽ ቅርብ ጋራዥ ያስጎትቱሽ። ቺንጋው ውድ ዕቃ አይደለም፤ አውቶዞን ወይም አድቫንስ የመኪና ዕቃ መደብር ታገኚዋለሽ። ሥራውም ረጅም አይደለም። መካኒኩ ግን የውሃ ፓምፑንና የቺንጋውን ማወጠሪያ በእጁ አዙሮ ይይልሽ። አንዱ ተይዞ ከሆነ አዲሱንም ቺንጋ ይበጥሰዋል።

የድሮ ሾፌር፦
ቺንጋ ደግሞ ሳይበጠስ በፊት ይሰነጣጠቃል። ኮፈን የሚከፍት ሰው ያየዋል።

ሐረግ፦
አባባ፣ አሁን ከልጆች ጋር ማደያ ግቢ ቆማለች፤ ትምህርቱን ነገ እንሰማለን። የማሂ እናት፣ ሳትጠሪው የሚመጣ ቶው ካለ ዋጋውን በጽሑፍ ሳትቀበዪ ቁልፍ አትስጪ። ቪዛ ካርድ ካለሽም ከጀርባው ያለው ቁጥር ላይ ደውዪ። አንዳንዱ ካርድ አባልነት ሳይጠይቅ፣ በጠራሽው ልክ እየከፈልሽ የምትጠቀሚበት ሮድሳይድ አለው። ለአጭር ቶው ይሆናል። ወደፊት ደግሞ መኪናሽ መንገዱ ላይ ከቆመች ፓውንድ 77 (#77) ደውዪ፤ ስቴት ፖሊስ ያነሳዋል። 95 ላይ የቨርጂኒያ የመንገድ ረዳት መኪኖች ይዞራሉ። ጎማ መቀየር፣ ባትሪ ማስነሳት፣ ትንሽ ነዳጅ ማቀበል በነፃ ነው።

የማሂ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። አንድ መካኒክ አግኝቼ በአንድ ሰዓት እደርሳለሁ ብሎኛል። ስልኬ ሊዘጋ ነው።

ካምሪ 2002፦
ይቅርታ፣ በዚሁ ልጠይቅ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። እኔም ላያብሊቲ ብቻ ነው ያለኝ፣ ማታ ማታ ደግሞ ኡበር እሠራለሁ። ትሪፕል ኤ ይሻለኛል ወይስ ኢንሹራንስ ልቀይር?

ናይት ሺፍት፦
መጀመሪያ ኢንሹራንስህን ጠይቅ። ላያብሊቲ ብቻ ላለው ሰው ሮድሳይድ የማይጨምር አለ፣ በወር በጥቂት ዶላር የሚጨምርም አለ። የሚጨምርልህ ካገኘህ የቶው ማይሉን ጠይቅ፤ ብዙዎቹ እስከ ቅርቡ ጋራዥ ብቻ ነው የሚወስዱት። ከከተማ ለማትወጣ ሰው ያ ይበቃሃል። ሪችመንድ ወይም ፊላደልፊያ የምትመላለስ ከሆነ ግን ባለ 100 ማይሉን ውሰድ፣ ሳትቆም አሁኑኑ። ትሪፕል ኤ በዓመት አራት ጥሪ ነው፤ በደከመ ባትሪ አትጨርሰው። ተሳፋሪ ጭነህ ብትቆም ይሸፍኑህ እንደሆነም ሁለቱንም ቦታ ጠይቅ።

ሐረግ፦
የማሂ እናት፣ መካኒኩ መጣ?