ሰውነቴን ሙሉ ነርቭ ያቃጥለኛል፣ ምርመራው «ምንም የለም» ይላል፣ ምን ይሆን?

ባለባጃጅ ዘአዘዞ፦
ሰላም ጎበዝ። እድሜዬ 37፣ ከአዘዞ ፒያሳ ባጃጅ እሠራለሁ። ባለፈው ክረምት ነው የጀመረኝ፣ መጀመሪያ የሁለቱም እግሬ ጣት ላይ ጉንዳን የሚሄድ ይመስለኝ ነበር፣ ጫማ ጠቦኝ ነው ብዬ ተውኩት። ከዛ ወደ ቁርጭምጭሚት ወጣ፣ አሁን እጄም ጀርባዬም ይለበልበኛል፣ አንዳንዴ ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሰው ነዘር ያደርገኛል። ሌሊት ይብሳል። የጎንደርን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ እኔ ግን እግሬን ከብርድ ልብስ አውጥቼ ሲሚንቶ ላይ ነው የማሳርፈው፣ አንሶላው ራሱ ሲነካኝ ያመኛል። ሰሞኑን ደሞ ፍሬን ስረግጥ እግሬ ስር ጥጥ ያለ ይመስለኛል፣ ጠዋት አይኔን ጨፍኜ ፊቴን ስታጠብ ደሞ ልወድቅ እላለሁ።
ያልሄድኩበት የለም። ሁለቴ ታይፎይድ ተብዬ መድኃኒት ጨርሻለሁ። ስኳር በባዶ ሆድ 92፣ ኩላሊት ደህና፣ የወገብ ራጅ ደህና፣ ኤችአይቪ ነፃ። አንድ ክሊኒክ «ነርቭ ነው» ብለው ኒውሮቢዮን መርፌ ወጉኝ፣ ትንሽ ሻል ብሎኝ ተመልሶ መጣ። እናቴ ብርድ መቶህ ነው ጸበል ግባ ትላለች፣ አክስቴ ጓያ ነው ትላለች። የማስታገሻ ኪኒን ደሞ ጨጓራ ስላለብኝ አልችልም። እንዲህ የሆነ ሰው አለ?

የማራኪው፦
ወንድሜ አይዞህ። የኔ ልክ እንዳንተ ከእግር ነው የጀመረው፣ መጨረሻ ላይ ስኳር ሆኖ ተገኘ። ያንተ 92 ከሆነ ጥሩ ነው (በባዶ ሆድ በሁለት የተለያየ ቀን 126 እና ከዛ በላይ ሲሆን ነው ስኳር የሚሉት) ግን የ3 ወሩን የስኳር አማካይም አሠራው፣ 6.5 በመቶ ከደረሰ ነው ስኳር የሚባለው። የአንድ ቀን ልኬት ያታልላል፣ እኔን አታሎኛል። አረቄ ትጠጣለህ? እሱም ነርቭ ይጨርሳል።

የደምቢያ ልጅ፦
አክስትህን በአክብሮት፣ ጓያ አይመስለኝም። እኛ አገር ደምቢያም ፎገራም ጓያ የጎዳውን ሰው እያየን ነው ያደግነው፣ እግሩ ግትር ይላል፣ በጣቱ ቆሞ ጉልበቱን እያፋተገ በዱላ ይሄዳል፣ ግን ሲነኩት ይሰማዋል፣ ሌሊት ተቃጠልኩ አይልም። ደሞ የሚመጣው ሌላ እህል ጠፍቶ ለወራት ጓያ ብቻ ሲበላ ነው እንጂ አንድ ቀን ሽሮ ውስጥ ስለገባ አይደለም።

እማዋይሽ፦
እኔ የቲቢ መድኃኒት ስጀምር እግሬ እሳት ሆኖ ነበር፣ አይሶናያዚድ የሚባለው መድኃኒት ቫይታሚን ቢ6 ስለሚያሟጥጥ ነው አሉኝ፣ ቢ6 ሲጨምሩልኝ ቀስ እያለ ተወኝ። ቲቢ ታክመህ ታውቃለህ? ቆዳህ ላይስ ነጣ ብሎ ሲነኩት የማይሰማ ቦታ የለም? ስጋ ደዌ ዛሬም አለ፣ በጊዜ ከተያዘ ይድናል።

ነጭ ጋውን፦
ነርስ ነኝ፣ እዚህ ሆኜ በሽታህን አልነግርህም ግን ሦስት ነገር አስደንግጦኛል። እግርህ ስር ጥጥ ማለቱ፣ አይንህን ስትጨፍን መውደቅህ፣ ኒውሮቢዮን ትንሽ ማሻሉ። አይን ሲጨፈን ሚዛን የሚጠፋው እግር የት እንዳለ ለአንጎል የሚነግረው መስመር ሲደክም ነው፣ ይሄ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ላይ የታወቀ ነው፣ ኒውሮቢዮን ውስጥ ደሞ ከቢ1 እና ከቢ6 ጋር ቢ12 አለ። «ደምህ ደህና ነው» ቢሉህም አትመን፣ ደም ማነስ ሳይኖር ነርቭ ብቻ ሊጎዳ ይችላል።
አሁን መልስልኝ፦ ለጨጓራው ምን ትወስዳለህ፣ ስንት ጊዜስ ሆነህ? ትጾማለህ? ፍስክ ሲሆንስ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት ታገኛለህ?
ሌላም አለ፣ ታይሮይድህን (የአንገት እጢህን) ያዩህ አይመስለኝም፣ እሱም አንድ ምክንያት ነው። በኤሌክትሪክ የሚደረገው የነርቭ ምርመራ ደሞ ትልልቆቹን ነርቮች ነው የሚለካው፣ የሚቃጠሉት ቀጫጭኖቹ ከሆኑ «ደህና ነው» ሊልህ ይችላል፣ ያኔ ህመሙ ከአእምሮህ ነው ማለት አይደለም። እና በቀናት ውስጥ እግርህ እየዛለ ወደ ላይ ከወጣ፣ ሽንት ካስቸገረህ፣ መቀመጫህ አካባቢ ከደነዘዘ ወይ ትንፋሽ ካጠረህ ነገ አትበል፣ በዛው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂድ።

ባለባጃጅ ዘአዘዞ፦
እህቴ አመሰግናለሁ፣ አንቺን ካነበብኩ በኋላ አልጋ ስር ያለውን የመድኃኒት ፌስታል ገለበጥኩት። ባዶ የኦሜፕራዞል ማሸጊያ ብቻ 14 ቆጠርኩ፣ የጣልኩትን ሳልጨምር። ከተጀመረ 4 ዓመት ያልፈዋል፣ ማንም አቁም ስላላለኝ ሲያልቅ ሄጄ እገዛለሁ፣ ማዘዣም አይጠይቁኝም። ጾም ሁሉንም እጾማለሁ፣ ረቡዕ አርብንም። ሥጋማ በዚህ ኑሮ በዓል በዓል ነው፣ ወተት አይስማማኝም። ቲቢ የለብኝም፣ አረቄ አልቀምስም (ጠላ ብትይኝ ግን...)።

ነጭ ጋውን፦
ታዲያ ይሄን ለሐኪም ነግረህ ታውቃለህ? ብዙ ሰው መድኃኒት ትወስዳለህ ሲሉት የጨጓራውን አይቆጥርም። ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ነው፣ ከምግቡ ተለይቶ እንዲወጣ ደሞ የጨጓራ አሲድ ይፈልጋል፣ ኦሜፕራዞል አሲዱን ይቀንሰዋል። ጾሙ ብቻውን አያደርግህም፣ ጉበት ለዓመታት የሚሆን ያስቀምጣል፣ ግን ከላይ እየገባ ያለው ትንሽ ሆኖ በር ሲዘጋበት ቋቱ ያልቃል። የስኳር ህመምተኞች የሚወስዱት ሜትፎርሚንም ቢ12ን ይቀንሳል፣ የማራኪው ወንድማችን አንተም የቢ12 ምርመራ ብታሠራ ጥሩ ነው።
ኦሜፕራዞሉን በራስህ ቀጥ አታድርገው፣ አሲዱ ሊብስብህ ይችላል፣ አማክር። ኤች ፓይሎሪም (የጨጓራ ባክቴሪያ) ይታይልህ።

የማራኪው፦
ሜትፎርሚን 6 ዓመት ሆኖኛል!! ማንም አልነገረኝም

ባለባጃጅ ዘአዘዞ፦
ሰኞ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ፣ እስከዛ ኒውሮቢዮን ገዝቼ ልወጋ?

ነጭ ጋውን፦
አይ! መጀመሪያ ደም ስጥ። ቀድመህ ከተወጋህ ልኬቱ ከፍ ብሎ ደህና ነህ ይሉሃል። ያለፈውን መርፌ መቼ እንደተወጋህም ንገራቸው፣ ውጤቱ አጠራጣሪ ከሆነ ሐኪሙ በምልክቱ ብቻ ሊጀምርልህ ይችላል። ቢ6 ያለበትን ኪኒንም ለወራት በብዛት አትዋጥ፣ ሲበዛ እሱ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። ቢ12 ከሆነ በአንድ መርፌ አይጠናቀቅም፣ ነርቭ በወራት ነው የሚያገግመው፣ ከቆየ ደሞ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል፣ ለዛ ነው የማጣድፍህ።

ባለባጃጅ ዘአዘዞ፦
እሺ እህቴ፣ ሰኞ ጠዋት ፌስታሉን ይዤው ነው የምሄደው። ባጃጁን ለወንድሜ ልጅ ሰጥቼዋለሁ፣ ትናንት ሰው እያቋረጠ ፍሬኑን የረገጥኩ መስሎኝ ነበር፣ ለካ እግሬ ጎኑ ላይ ነው የነበረው።