«በለስ በጎመራ በሦስተኛው ቀን ይለቀማል» ሲባል «ጎመራ» ምኑን ነው?

ለምለም፦
ስለ በለስ ዛፍ (ስለ ቁልቋሉ አይደለም) አተካከል በተጻፈ መመሪያ ላይ «ፍሬው በጎመራ በሦስተኛው ቀን ይለቀማል» ይላል። እዚህ ላይ «ጎመራ» ፍሬ ቋጠረ ነው? ቀለም ያዘ ነው? ወይስ በሰለ? ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በለስ እንደ ሙዝ ተቆርጦ ቤት ውስጥ አይበስልም፤ በጥሬው የተቆረጠ ሳይጣፍጥ ይጨማደዳል። የዘገየውም ቆዳው ተሰንጥቆ ይሆመጥጣል።

ሥርወ ቃል፦
በሰለ ነው። ግእዙ «ለግሙራ» ፈጽሞ፣ ጨርሶ ማለት ነው። በዕብራይስጥም «ጋማር» ጨረሰ ነው። ስለዚህ ጎመራ ማለት ብስለቱን ፈጸመ ነው፤ ሌላ ትርጉም መፈለግ አያስፈልግም።

ዘንባብ፦
ያስፈልጋል እንጂ። መኃልየ መኃልይ 2፥13 «በለሱ ጐመራ» ካለ በኋላ «ወይኖችም አበቡ» ይላል። ወይን በሚያብብበት ሰሞን የበሰለ በለስ ከየት ይመጣል? በዕብራይስጡ እዚያ ቦታ ላይ ያለው «ፓግ» ጥሬውን በለስ ነው፤ በወንጌል የተጠቀሰችውን መንደር ቤተ ፋጌን «የጥሬ በለስ ቤት» ብለው የሚፈቱትም ከዚሁ ተነሥተው ነው። ጎመራ እዚህ ላይ ፍሬ ቋጠረ፣ አንዠረገገ እንጂ በሰለ ሊሆን አይችልም።

አትክልተኛው፦
ዘንባብ ያሉት ከዛፉ ጠባይ ጋር ይገጥማል። ብዙ የበለስ ዓይነት በዓመት ሁለት ጊዜ ያፈራል። የመጀመሪያው ፍሬ የሚወጣው ካለፈው ዓመት እንጨት ላይ ነው፤ ቅጠሉ ሲያቆጠቁጥ እሱም አብሮ ጉብ ጉብ ይላል። ዋናው ምርት ግን በዚያው ዓመት ባደገው ለጋ ቅርንጫፍ ላይ፣ በየቅጠሉ ብብት ይቋጠራል። ቅጠሏን ባራገፈችበት ወቅት ያለፈውን ዓመት እንጨት ሁሉ ከገረዟት የመጀመሪያውን ፍሬ አያዩትም፤ ሁለተኛው ግን ይመጣል። የጥቅሱ በለስ የመጀመሪያው ነው።

ፍካሬ፦
ስለ ቀለሙስ ማን ያነሣል? ጎመራ ከ«እሳተ ገሞራ» ጋር አንድ ነው። ፍሬው ሲቀላ እሳት መስሎ ጎመራ ተባለ።

ሥርወ ቃል፦
ወንድሜ፣ ይህን ይተዉት። ገሞራ የከተማ ስም ነው፤ ዕብራይስጡም በ«ዐ» የሚጀምር «ዐሞራ» ነው። «ገ» የገባው በግሪኩ በኩል ነው። ፊደሉን ሳይመረምሩ ሥር መምዘዝ አይገባም።

ፍካሬ፦
እሺ፣ ገሞራን ትቻለሁ። ግን «ጀመረ»ስ? «ገ» ወደ «ጀ» ይሄዳል። ጎመራ «መብሰል ጀመረ» ቢሆን የርስዎም የዘንባብም ሐሳብ ይታረቃል።

ዘንባብ፦
በአንድ ሥር ላይ «ጨረሰ»ንም «ጀመረ»ንም መጫን ማስታረቅ አይባልም።

አትክልተኛው፦
ከቃሉ በፊት የፍሬውን አስተዳደግ እንይ። በለስ በሦስት ደረጃ ያድጋል። መጀመሪያ ፈጥኖ ያብጣል። ቀጥሎ ለሳምንታት አረንጓዴና ጠንካራ እንደ ሆነ ቆሞ ይቀራል፤ ብዙ ሰው «አልበስል አለ» ብሎ ውኃና ማዳበሪያ የሚያበዛው በዚህ ጊዜ ነው። ጥቅም የለውም፤ ናይትሮጅን የበዛበት ዛፍ ቅጠል እንጂ ፍሬ አያበረክትም፣ ደርቆ የሰነበተ አፈር በድንገት ሲረሰርስም ፍሬው ይሰነጠቃል። በመጨረሻ በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንገት ይተልቃል፣ ይለሰልሳል፣ ቀለም ይይዛል፣ ስኳሩም ይገባል። የመመሪያው ጸሐፊ ጎመራ ያለው የዚህን የመጨረሻ ደረጃ መነሻ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ደረጃ ሳይደርስ፣ የጣት ጫፍ ሲያክል የሚረግፍ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። አበባው የሚገኘው በፍሬው ሆድ ውስጥ ነው፤ አንዳንዱ ዓይነት የወንዴውን በለስ ዱቄት ይዛ የምትገባ ትንሽ ተርብ ካላገኘ ፍሬውን ይጥላል።

ለምለም፦
እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ ሦስተኛው ቀን ከየቱ ይቆጠር?

ዘንባብ፦
አሞጽ 7፥14 ላይ አንድ ነገር አለ። ነቢዩ በአማርኛው «የወርካ ፍሬ ለቃሚ» ተብሏል። የዕብራይስጡ ግሥ «ቦሌስ» ነው፤ ከኛው «በለስ» ጋር የሚያዛምዱት አሉ። የግሪኩ ትርጉም ደግሞ «የሚጭር፣ የሚሰነጥቅ» ይላል።

አትክልተኛው፦
ይህ ትልቅ ነገር ነው! የሾላ ወገን የሆነውን፣ አማርኛው እዚያ ላይ ወርካ ያለውን የፊከስ ሲኮሞረስን ጥሬ ፍሬ በስለት መጫር የቆየ ሙያ ነው። ቁስሉ ኤቲሊን የሚባለውን ጋዝ ያስወጣል፤ ፍሬው ከ3 እስከ 4 ቀን ውስጥ አብጦ ይበስላል። «በሦስተኛው ቀን» የሚለው ከዚያ ወደ በለስ ተሻግሮ ይሆን? በለስ ላይ ይህን የሚመስለው ዘይት መቀባት ነው፤ ሁለተኛው ደረጃ ሊያበቃ ሲል፣ የፍሬው ሆድ መቅላት ሲጀምር፣ አንዲት ጠብታ የምግብ ዘይት ከፍሬው ጫፍ ባለችው ዓይን ላይ ይቀባል። በሳምንት ገደማ ይደርሳል። ሳይደርስ ከተቀባ ጣዕም የለውም።

እኅታችን፣ ዛፏ በለስ መሆኗን አረጋግጠዋል? የበለስ (የፊከስ ካሪካ) ቅጠል ሻካራ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ እንደ እጅ ጣት በ3 ወይም በ5 ይከፈላል፣ ፍሬውም በየቅጠሉ ብብት አንድ አንድ እያለ ይወጣል። የሲኮሞረስ ቅጠል አይከፈልም፣ ፍሬውም ካረጀ እንጨትና ከግንድ ላይ ተንዠርግጎ ይወጣል። በቅጠል ብቻ አይፍረዱ፤ በአንዷ በለስ ላይ የተከፈለም ያልተከፈለም ቅጠል ይገኛል።

ለምለም፦
አምስት ጣት ነው፣ ፍሬውም አንድ አንድ። በለስ ናት።

አትክልተኛው፦
እንግዲያስ ቀኑን ትተው አንገቱን ይዩ። የደረሰ ፍሬ አንገቱ ላልቶ ወደ መሬት ይንጠለጠላል፣ ሲነኩት ይለሰልሳል፣ ከእንጨቱም ያለ ትግል ይላቀቃል። ሲቆረጥ ነጭ ወተት ካፈሰሰ ገና ነው። ወተቱ ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፤ ጓንት ያድርጉ።

ሥርወ ቃል፦
አንገቱ ላልቶ ከተንጠለጠለ ብስለቱን ፈጽሟል ማለት ነው፤ «ለግሙራ» አላልኩም?

ዘንባብ፦
የመኃልዩን በለስ ገና አልመለሱልኝም። ለመሆኑ «ጎመራ» ስንል «ረ» ይጠብቃል ወይስ ይላላል? ሥሩን ከ«ለግሙራ» ግሥ ከ«ገመረ» ከማምጣትዎ በፊት ይህን ይንገሩን።