የዕቅድ ውይይት፦ የግላይደር በረራ ደህንነት ደንባችን፣ ሁለተኛ ረቂቅ

ጸሐፊ
ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። ባለፈው እንደተስማማነው፣ ጅማ ላይ ግላይደር፣ ማለትም ሞተር የሌለው አውሮፕላን፣ ለማብረር የፈቃድ ጥያቄያችንን ለሲቪል አቪዬሽን ስናስገባ የራሳችንን የደህንነት ደንብ አብረን እናያይዛለን። «ግላይደሩ የት አለና ነው ደንቡ?» እያለ የሚስቅብን አለ። ይሳቅ። ከብት ሳይገዛ በረት የሠራ ሰው ሞኝ አይባልም።

የመጀመሪያው ረቂቅ 31 ነጥብ ነበረው። እውነቱን ለመናገር ማንም አላነበበውም፣ እኔም ጭምር። አሁን ጥቂት ነገር፣ ግን የምንኖርበት ነገር እንፈልጋለን። እስከ ሐሙስ ሐሳባችሁን ጣሉ።

ከጀርመን የተመለሰው
እኔ ልጀምር። ለትምህርት ጀርመን ሳለሁ በአንድ ትንሽ ክለብ ግላይደር መብረር ተምሬአለሁ። ሰው የሚፈራው ከፍታውን ነው። ሰው የሚሞተው ግን ብዙውን ጊዜ መሬት አጠገብ፣ ለማረፍ ሲዞር ነው። ወደ ማረፊያው ሲታጠፍ ዘግይቶ ይጀምራል። እንዳያልፈው ብሎ አጥብቆ ይዞራል። ፍጥነቱ ደግሞ ቀንሷል። ያኔ ክንፉን አየሩ ይከዳዋል፣ ስቶል የምንለው ነው። አንዱ ክንፍ ቀድሞ ይወድቅና አውሮፕላኑ እየተሽከረከረ ይወርዳል። 1,000 ሜትር ላይ ቢሆን መሪውን አስተካክለህ ትወጣለህ። 100 ሜትር ላይ ጊዜ የለም።

ቁጥሩን ልስጣችሁ። ቀጥ ብሎ ሲበር በ70 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስቶል የሚያደርግ ግላይደር፣ 45 ዲግሪ አጋድሎ ሲዞር በ83 ያደርጋል። 60 ዲግሪ ካጋደለ በ99። አውሮፕላኑ ያው ነው፣ አብራሪውም ያው ነው።

ስለዚህ ደንቡ ላይ ይጻፍ፦ የማረፊያ ፍጥነት ከመጨረሻው ዙር በፊት ይያዛል፣ ዙሩም ሰፊ ይሆናል። ማረፊያው ካለፈህም ይለፍህ፣ ሌላ ቦታ ታርፋለህ።

የፊዚክስ መምህርቷ
እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ግን ልጨምር። ጀርመን ሜዳ ላይ የተማርከውን ጅማ ላይ እንዳለ አትገልብጠው ወንድሜ። አውሮፕላን ማረፊያችን ራሱ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ሳሳ ያለ ነው። የፍጥነት መለኪያው 90 ሲልህ፣ በሞቃት ቀን፣ ነፋስ በሌለበት፣ መሬት ላይ የምትሄደው ወደ 101 ነው። መለኪያው አልዋሸም። ክንፉ የሚያውቀው 90ውን ነው፣ ስቶሉም የሚመጣው መለኪያው እንደ ሌላው ቦታ ያንኑ ቁጥር ሲያሳይ ነው። ዓይንህ ግን መሬቱ ሲሮጥ ያይና «ፈጥኛለሁ» ብሎ ያታልልሃል። ከዚያ ትቀንሳለህ። ስቶል የሚመጣው እንዲህ ነው።

መንደርደሪያችንም ሊረዝም ይገባል። ካረፉ በኋላ የሚንከባለሉበት ርቀት ባሕር ጠረፍ ካለው ከሩብ በላይ ይጨምራል። ሜዳ ስንመርጥ ይህን አንርሳ።

ባጃጅ ነጂው
እኔ የማውቀው ዝናቡን ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ከሰዓት በኋላ ስለ በረራ ባናወራ ጥሩ ነው። ጠዋት ጥርት ያለ ሰማይ ነው፣ ስምንት ሰዓት ላይ በጅሬን በኩል ይጠቁራል፣ ዘጠኝ ላይ ተሳፋሪዬ ሸራ ውስጥ ይደበቃል። ለእኛ የሚሆነን ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ይመስለኛል።

ከጀርመን የተመለሰው
ትክክል ነህ። የሚያነሳን ሞቃት አየር ነው፣ ግን ያው አየር ሲበዛ ነጎድጓዳማ ደመና ይሆናል። እሱ ሥር የገባ ግላይደር መውረድ እየፈለገ ወደ ላይ ሊጎተት ይችላል። ከደመናው ፊት የሚወርደው ነፋስም አቅጣጫውን በደቂቃ ውስጥ ይገለብጠዋል። ነጎድጓድ ከተሰማ በረራ የለም፣ አየር ላይ ያለም ይወርዳል። ክርክር የለበትም።

የመብራት ኃይል ጡረተኛ
ልጆች፣ ሽቦውን ረሳችሁት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስዘረጋው ኖሬ እንኳ ከሩቅ አይታየኝም። ከላይ ደግሞ ጨርሶ አይታይም። ሽቦ አትፈልጉ፣ ምሰሶ ፈልጉ። ሁለት ምሰሶ ካያችሁ በመሃላቸው ሽቦ አለ ብላችሁ እርግጠኛ ሁኑ። ቤት ካለ ወደ ቤቱም የሚሄድ አለ።

ካልቻልን ሜዳ ላይ እናርፋለን ትላላችሁ። የቱ ሜዳ? እዚህ አገር ከላይ አረንጓዴ የሆነ ሁሉ ሜዳ አይደለም። ቡናው ከዛፍ ጥላ ሥር ነው፣ ከላይ ደን ብቻ ነው የምታዩት። በቆሎው በነሐሴ ከሰው ቁመት ይበልጣል። የቦዬው ረግረግ ሣር መስሎ ይውጣችኋል። የሚሻለው የግጦሽ ቦታ ነው፣ እሱም ከብት አለበት፣ ከብት ባለበትም ልጆች አሉ።

ጸሐፊ
ገለቶማ አባባ። እንግዲህ «ከበረራ በፊት ማረፊያ ሜዳዎቹ በእግር ይታያሉ፣ ባለቤቶቹም ይጠየቃሉ» ብዬ ጽፌዋለሁ።

ጋሼ መካኒክ
የእኔ አጭር ነው። ግላይደር በተጎታች መኪና ይመጣል፣ ክንፉ ሜዳ ላይ ይገጠማል። በየጊዜው ይፈታል፣ በየጊዜው ይገጠማል። መሪውና ክንፉ ሳይያያዙ የተነሱ ሰዎች አሉ፣ ሞተዋልም። ስለዚህ አንዱ ይገጥማል፣ ያልገጠመ ሌላ ሰው ይፈትሻል። ፍተሻው በዓይን ብቻ አይሁን። አንዱ ውጭ ቆሞ የክንፉን ተንቀሳቃሽ አካል በእጁ ይያዝ፣ አንዱ ውስጥ ሆኖ መሪውን ይግፋ። መግፋቱ እጁ ላይ ካልተሰማው አልተያያዘም።

የሚገጥመውን ሰው ደግሞ አታናግሩት። አንድ ጊዜ ጋራዥ ፍሬን እየገጠምኩ ስልክ ተደወለ። አውርቼ ስመለስ የጨረስኩት መሰለኝ። ደግነቱ መኪናው ከግቢ ሳይወጣ ነው የገባኝ። ስልክ ከተነሳ ከመጀመሪያው እንጀምር።

የሁለተኛ ዓመት ተማሪዋ
ይቅርታ፣ ትንሿ እኔ ስለሆንኩ እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እውነት ለመናገር ችግሩም እሱ ነው። ሜዳው ላይ ቆሜ አንድ ስህተት ባይስ? ጋሼ የገጠሙትን «ልክ አይደለም» ለማለት አፌ ይታዘዘኛል? ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። ደንቡ ውስጥ አላየሁትም።

ከጀርመን የተመለሰው
ይህን ልጽፍ አስቤ አፍሬ ትቼው ነበር። ክለቡ ውስጥ ሦስተኛ ሳምንቴ ላይ ነበር። ግላይደሩ በዊንች፣ ኬብል እየጠቀለለ በሚጎትተው ማሽን፣ ሊነሳ ነው፣ ኬብሉ ተወጥሯል። የአየር ብሬኩ፣ ለማረፍ ሲፈለግ ከክንፉ ላይ የሚወጣው ሳንቃ፣ ትንሽ ብቅ ብሎ አየሁ፣ አልተቆለፈም ማለት ነው። እንዲህ ሆኖ ቢነሳ ሲጎተት ወጥቶ ይከፈታል፣ አውሮፕላኑ መውጣት ያቅተዋል። ኮክፒት ውስጥ ያለው ከአባቴ የሚበልጥ አብራሪ ነበር። «እሱ ያውቃል» አልኩና ዝም አልኩ። ክንፉን ይዞ የቆመ የ15 ዓመት ልጅ ጮኸ። ሁሉም ቆመ። ሰውዬው ብሬኩን ቆለፈ፣ አመሰገነውና ተነሳ። እዚያ ሜዳ ላይ ማንም ሰው አስቁም ማለት ይችላል፣ ለምን ብሎ የሚቆጣም የለም።

የፊዚክስ መምህርቷ
ጥሩ፣ ቃሉ ግን ምን ይሁን? አስቡት። «አቁም» ልበል? ዊንቹን የምታዘው ሴት ብትሆንስ፣ «አቁሚ»? ጋሼ ከሆኑስ፣ «ያቁሙ»? አንተና አንቱን ስንመርጥ ኬብሉ ሄዷል።

ባጃጅ ነጂው
«ስቶፕ»! ባጃጅ ላይ ሕፃኑም አሮጊቷም ስቶፕ ነው የሚሉኝ። አማርኛም ቢናገር ኦሮምኛም ቢናገር ሁሉም ያውቀዋል። ዕድሜ የለውም፣ ጾታ የለውም።

ጋሼ መካኒክ
በጣም ጥሩ። ግን በከንቱ የሚጮህ ከመጣስ? ልጆቹ በየአምስት ደቂቃው ስቶፕ ቢሉ?

የሁለተኛ ዓመት ተማሪዋ
ጋሼ፣ በከንቱ ቢጮህ ኬብሉን እንደገና ማዘጋጀት ነው። ጥቂት ደቂቃ ነው የምናጣው።

ጋሼ መካኒክ
እሺ ልጄ፣ ረታሽኝ። እንግዲህ እኔ ላይ ስህተት አይተሽ ዝም ካልሽ ያን ጊዜ ነው የምቆጣሽ።

ጸሐፊ
እንግዲህ ደንብ ቁጥር አንድ ይህ ይሁን፣ ሌላው ሁሉ ከሱ በኋላ ይምጣ፦ «ስህተት የመሰለውን ነገር ያየ ማንኛውም ሰው፣ አባልም ሆነ እንግዳ፣ ስቶፕ ይላል። ስቶፕ ከተባለ መነሳት ይቆማል። ምክንያቱ የሚጠየቀው ከቆመ በኋላ ነው። በስህተት የጮኸ አይወቀስም፣ ገንዘብም አይቀጣም።»

የከፍታውን ስሌት መምህርቷ በአንድ ገጽ ትጽፍልናለች። የገጠማ ፍተሻውን ጋሼ፣ የሜዳ ጥናቱን አባባ። ከአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ጋር የምንነጋገርበትን ደብዳቤ እኔ እይዘዋለሁ። የመንገደኛ አውሮፕላን በሚያርፍበት ሰማይ ላይ ሳናስፈቅድ ክንፍ አንዘረጋም።

የሁለተኛ ዓመት ተማሪዋ
ቃሉን ግን ካልተለማመድነው በዕለቱ አንለውም። ቅዳሜ ሜዳ ላይ ጣውላ በገመድ አስረን በባጃጅ ብንጎትትስ? ጋሼ ጣውላው አጠገብ ቆመው ይዘዙ፣ እኔ ስህተት ፈልጌ ስቶፕ እላለሁ።

ባጃጅ ነጂው
ባጃጁ አለ። ቤንዚኑን ማን ይችላል?

ጋሼ መካኒክ
እኔ። ግን ገመዱን ከማሰርህ በፊት ፍሬንህን አየዋለሁ።