የፖሊስ ሹፌር ቀበቶ የማሰር ግዴታ የለበትም?

ጠያቂ፣ የሚኒባስ ሹፌር ከደሴ፦
ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ የፖሊስ ፒክአፕ ቀደመኝ። ሹፌሩ ቀበቶ አላሰረም፤ በአንድ እጁ ስልክ ጆሮው ላይ ይዞ በሌላው መሪ ያዞራል። ሳይረን የለ፣ መብራት የለ። እኔ ቀበቶ ባላስር እቀጣለሁ። ሕጉ እነርሱን አይመለከትም?

የሕግ ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ፦
ይመለከታል እንጂ ወንድሜ! የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ሁሉም ሰዎች በሕግ ፊት እኩል ናቸው ይላል። ለአስቸኳይ ግዳጅ ሳይረን እያሰማ የሚሄድ ተሽከርካሪ ቅድሚያ ይሰጠዋል፤ መለዮ መልበስ ብቻውን ግን ፈቃድ አይሆንም።

ጡረተኛ ፖሊስ፣ ደሴ፦
ልጄ፣ አንዳንድ ባልደረቦች «ተጠርጣሪ ለመያዝ ከመኪናው ቶሎ መውረድ አለብን» ይላሉ። አልቀበለውም። ቀበቶ በአንድ ጣት ይፈታል። የስልኩ ነገር ደግሞ ይብሳል፦ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ3 ሰከንድ 50 ሜትር ይጓዛል፤ ሐረጎ ላይ ከ50 ሜትር በፊት ገደል አለ! ጥሪ ከመጣ አጠገቡ የተቀመጠው ያንሳለት።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። ሰሌዳውን ጽፌ ይዣለሁ፤ ለማን ላመልክት?

ጡረተኛ ፖሊስ፦
ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጠቅሰህ ለክፍሉ ኃላፊ በጽሑፍ አስገባ። ቅጂውንም አስቀር።