ልጄ እስክስታ ስቴጅ ላይ ልታቀርብ ነው፣ የካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር) ላይሰንስ ያስፈልጋል ተባልን (ለንደን)

የሚሚ እናት፦ ሰላም እህት ወንድሞች፣ የ9 ዓመት ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ የምትማርበት ቦታ የባህል ውዝዋዜ ግሩፕ ውስጥ አለች እና ማርች መጨረሻ ላይ አዳራሽ ተከራይተው ትኬት እየሸጡ ቅዳሜና እሁድ ሾው ሊያቀርቡ ነው፣ ለልጆቹ ክፍያ ምናምን የለም፣ ልብሱንም የገዛነው እኛው ነን። አሁን አንዷ እናት ያለ ካውንስል ላይሰንስ ልጅ ስቴጅ ላይ ማውጣት ወንጀል ነው ብላ ሁላችንንም አስደነገጠችን። እውነት ነው እንዴ? ማነው የሚያወጣውስ? ወንድሟ ደግሞ ሰፈር ክለብ ኳስ ይጫወታል፣ ለሱም ያስፈልጋል?

ጋሽ ክሮይደን፦ ትምህርት ቤት ያዘጋጀው ከሆነ ነፃ ነው፣ አትጨነቂ ልጄ።

ክንዴ፦ ጋሼ ይቅርታ፣ ያ ለመደበኛ ትምህርት ቤት ነው፣ የቅዳሜ ክላስና የዳንስ ትምህርት ቤት አይገቡበትም። ሕጉ የ1963 ነው፣ እንግላንድ ውስጥ ዝርዝሩን የያዘው የ2014ቱ ደንብ ነው። ትኬት ከተሸጠ፣ ወይም ቦታው የመጠጥ ፈቃድ ያለው ከሆነ፣ ወይም ለቲቪ ከተቀረጸ ላይሰንስ ይጠየቃል። የሚያመለክተው ኦርጋናይዘሩ ነው፣ አንቺ ፎርሙ ላይ ትፈርሚያለሽ፣ የልደት ሰርተፊኬት ኮፒና ፎቶ ትሰጫለሽ በቃ። የሚገባው ደግሞ ልጅቷ ለምትኖርበት ካውንስል ነው፣ አዳራሹ ላለበት አይደለም፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይምታታበታል። ከ21 ቀን ያነሰ ጊዜ ከቀረ አንቀበልም ሊሉ ይችላሉ። ክፍያ የለውም። ያለ ፈቃድ ካቀረቡ ግን ቅጣት አለው፣ እስር ድረስም ይሄዳል።

ኳሱን እርሺው፣ ለመጫወቱ ለሱም ሆነ ለሌላ ሰው ካልተከፈለ ላይሰንስ አይጠየቅም።

ቻፐሮኗ (ሾው ላይ የልጆች ጠባቂ)፦ ክንዴ ልክ ነው ግን አንድ ነገር ዘለለ፣ ባለፉት 6 ወራት ልጅቷ ከ3 ቀን በላይ ካላቀረበች፣ ካልተከፈላት (የትራንስፖርት ወጪ መመለስ ክፍያ አይባልም)፣ ከትምህርትም ካልቀረች ያለ ላይሰንስ ትችላለች። የሚቆጠረው ግን የናንተ ግሩፕ ብቻ አይደለም፣ የትም ያቀረበችው ይደመራል። ሌላ ቦታ አቅርባለች?

የሚሚ እናት፦ ባሌት ትማራለች፣ ዲሴምበር ላይ ቲያትር ቤት 2 ቀን አቅርበዋል። ጃንዋሪ ላይ ደግሞ ለገና አንድ ሀበሻ ሬስቶራንት ጨፍረው ነበር፣ እሱ ግን ነፃ ነው መግቢያው።

ቻፐሮኗ፦ መግቢያው ነፃ ቢሆንም ሬስቶራንቱ መጠጥ የሚሸጥበት ፈቃድ ካለው ይቆጠራል። ስለዚህ 3 ቀን ሞልታለች ማለት ነው፣ የማርቹ ቅዳሜ አራተኛ ሆኖ ያልፋል፣ እሁድ ግን ላይሰንስ ትፈልጋለች። ሌሎቹ ልጆች ላያስፈልጋቸው ይችላል፣ የየልጁ ቆጠራ ለየብቻ ነው።

ኦርጋናይዘሮቹ ለእያንዳንዱ ልጅ ለየብቻ ከሚሯሯጡ ለማኅበሩ የሚሰጥ የጅምላ ፈቃድ ቢጠይቁ ይሻላል፣ ቦፓ ነው የሚሉት፣ ለማንም ልጅ የማይከፈልበት ሾው ከሆነ ሁሉንም ይሸፍናል። እሱን የሚሰጠው አዳራሹ ያለበት ካውንስል ነው። ለልጆቹ ጥበቃ ምን እንዳዘጋጁ ይጠየቃሉ፣ ስለዚህ ዛሬውኑ ይደውሉ።

ሄለን ቶተንሃም፦ እናቴ ልጆቼን ከስቴጅ ጀርባ ልትጠብቃቸው ትችላለች?

ቻፐሮኗ፦ በላይሰንስ ከሆነ ወላጅ የራሱን ልጅ መጠበቅ ይችላል፣ አያት ግን ካውንስል ያጸደቃት ቻፐሮን ካልሆነች አይሆንም። አንድ ቻፐሮን ቢበዛ 12 ልጅ ነው የምትይዘው። ሰዓቱንም እዩ፣ ላይሰንስ ያላት የ9 ዓመት ልጅ በፈረንጅ ከምሽቱ 11 ሰዓት በኋላ እዚያ መገኘት የለባትም፣ የኛ ፕሮግራም ደግሞ 6 ተብሎ 8 ነው የሚጀምረው 😅 የልጆቹን ተራ መጀመሪያ ላይ አስደርጉት።

የሚሚ እናት፦ ተባረኩ! ለአስተባባሪዋ አሁን ቴሌግራም ላይ ልኬላታለሁ፣ ስለ ቦፓው ሰምታም አታውቅም፣ ሰኞ ጠዋት እደውላለሁ ብላለች።