ክርክር፦ የሚሠራ ክትባት እያለ ለሕፃን ባዶ ጠብታ መስጠት ይገባል?

ብሩክ
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው የእኔ ስለሆነ ልጀምር። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ነገሩ ሕንድ ውስጥ የሆነ ነው። ሮታ ቫይረስ ሕፃናትን በተቅማጥና በትውከት አድርቆ የሚገድል በሽታ ነው። በ2011 ሮታቫክ ለሚባል አዲስ ክትባት በዴልሂ፣ በፑኔና በቬሎር ትልቅ ሙከራ ተጀመረ። 6,799 ሕፃናት ገቡበት። ከሦስት ሁለቱ ክትባቱን አገኙ፤ አንዱ ደግሞ ፕላሴቦ፣ ማለትም ምንም የሌለበት ጠብታ። ልብ በሉ፣ ያኔ ሮታሪክስና ሮታቴክ የሚባሉ ሁለት ክትባቶች ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 የሮታ ክትባት ለሁሉም አገር ሕፃናት ይሰጥ ብሎ ነበር። ሕንድ ውስጥም ገንዘብ ያለው ሰው በግል ክሊኒክ ልጁን ያስከትብ ነበር።

ታዲያ የድሃው ልጅ ለምን ባዶ ጠብታ ተሰጠው? እኔ ይህ ስህተት ነው ባይ ነኝ። ሀብታም አገር ቢሆን ማንም አይፈቅደውም ነበር።

ሲስተር አልማዝ
ብሩክ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ ድምዳሜህ ግን ፈጠነብኝ። እኔ የሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ። እኛ አገር የሮታ ክትባት የገባው በኅዳር 2013 ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ክፍል ዛሬም አልረሳውም። እርግብግቢቱ የሰመጠ፣ ዓይኑ የጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ የማይወጣው ሕፃን። ቆዳውን ቆንጠጥ ስታደርገው አይመለስም። ጭንቅላቱ ላይ ደም ሥር ፈልገህ ታጣለህ። እናትየዋ ኦ አር ኤስ በማንኪያ ትሰጠዋለች፣ መልሶ ያስመልሰዋል።

ዛሬ በስድስት ሳምንትና በአሥር ሳምንት ፔንታ ከሚባለው የአምስት በሽታ ክትባት ጋር የምንሰጠው ጠብታ ከሰማይ አልወረደም። አፍሪካ ውስጥ እንደሚሠራ የታወቀው በማላዊና በደቡብ አፍሪካ 4,939 ሕፃናት ገብተውበት ነው። እዚያም ፕላሴቦ ያገኙ ነበሩ። የእነዚያ እናቶች ውለታ አለብኝ።

ብሩክ
ሲስተር፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ሁለቱ አንድ አይደሉም። በማላዊ ጥያቄው እውነተኛ ነበር። ክትባቱ አውሮፓና ላቲን አሜሪካ ሠርቷል፤ እዚህስ? ማንም አያውቅም ነበር። ውጤቱም ያንን አሳየ፤ ከባድ የሮታ ተቅማጥን ደቡብ አፍሪካ ላይ ወደ 77 በመቶ ቀነሰ፣ ማላዊ ላይ 49 በመቶ ብቻ። ያንን ሙከራ አልቃወምም። የሕንዱ ግን ዋናው ጉዳይ ርካሽ ክትባት ማግኘት ነበር። ለዋጋ ተብሎ ሕፃን ባዶ ጠብታ ይሰጠዋል ወይ ነው የምለው።

ትዕግሥት
የኅብረተሰብ ጤና ተማሪ ነኝ፤ ትንሽ ረዘም አድርጌ ብጽፍ ይቅርታ።

የሮታን ታሪክ ከ2011 ከጀመርነው ግማሹ ይቀርብናል። ነሐሴ 1998 አሜሪካ ውስጥ ሮታሺልድ የሚባል የመጀመሪያው ክትባት ተፈቀደ። ዓመት ሳይሞላው አንዳንድ ሕፃናት ላይ አንጀት ወደ ራሱ ውስጥ መግባት ታየ። የሹራብ እጅጌ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ዓይነት ነው። ካልታከመ ይገድላል። መጠኑ ከ10 ሺህ ሕፃናት አንድ አካባቢ ነበር። ጥቅምት 1999 ክትባቱ ከገበያ ወጣ።

ለአሜሪካ ውሳኔው ትክክል ነበር። እዚያ ሮታ በዓመት የሚገድለው ከ20 እስከ 60 ሕፃናት ነበር። በዓለም ግን በዓመት ከ400 ሺህ በላይ ሕፃናት ይሞቱ ነበር፤ አብዛኞቹ በእኛ ዓይነት አገሮች። ለአንድ ማላዊ ሕፃን ሒሳቡ ፈጽሞ ሌላ ነው። ሆኖም አሜሪካ የተወችውን ክትባት ለአፍሪካ ልጅ እንዴት ትሰጣላችሁ ተባለ። ክትባቱ ተቀመጠ። ቀጣዮቹ አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ የተፈቀዱት በ2006 ነው፤ ለዚያውም ያቺን ከ10 ሺህ አንድ የሆነች አደጋ ለማየት እያንዳንዳቸው ከ60 ሺህ በላይ ሕፃናት ላይ ተሞክረው። ለድሃ አገሮች ምክሩ የመጣው ደግሞ በ2009። አሥር ዓመት ቁጠሩ።

ይህን የማነሳው አለመሞከርም ውሳኔ ስለሆነ ነው። የሚሞትበት ልጅ አለ፤ ስሙ ግን የትም መዝገብ ላይ አይጻፍም። ፕላሴቦ ያገኘው ልጅ ቢያንስ ስሙ ተጽፏል፣ በየሳምንቱ የሚጠይቀው ነበር፣ ሲታመም ሐኪም ጋ ይደርስ ነበር።

ጋሽ መኮንን
ልጆቼ፣ እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ፣ ጡረታ ወጥቻለሁ። ትዕግሥት ያለችው ገብቶኛል። ግን አንድ ነገር ቅር አለኝ። በየሳምንቱ መጠየቅ ደግ ነገር ነው። ልጁ ግን የሚከላከል ጠብታ በዓለም ላይ እያለ ታመመ። መታከሙ መታመሙን አይሽረውም። ለምን አዲሱን ክትባት ከነባሩ ጋር አላወዳደሩትም? ግማሹ ያንን፣ ግማሹ ይህንን ይውሰድ። ሁሉም ልጅ አንድ ነገር ያገኛል።

ትዕግሥት
ጋሼ፣ የእርስዎ ጥያቄ ዋናው ነው። ሁለት ችግር ነበረበት። አንደኛ፣ የነባሩ ክትባት አቅም በሕንድ ድሃ ሰፈር ስንት እንደሆነ አልታወቀም። ማላዊ ላይ ግማሽ ብቻ ከሠራ ዴልሂ ላይ በምን ይታወቃል? የማይታወቅ ነገር መለኪያ ሲሆን «እኩል ናቸው» የሚለው ውጤት ሁለቱም አይሠሩም ማለት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለ ውድድር በጣም ብዙ ተጨማሪ ሕፃናት ይፈልጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት የሰበሰባቸው ባለሙያዎች በ2014 ባወጡት ምክር ላይም ይህ አለ። የሚሠራ ክትባት ቢኖርም፣ ያ አገር ሊያገኘው የማይችል ከሆነና ሙከራው ለዚያው ሕዝብ አቅም የሚሆን ክትባት ለማምጣት ከሆነ፣ ፕላሴቦ ተቀባይነት ሊኖረው ይችላል ብለዋል። ሮታቫክ እንደዚያ ነው። ክትባቱ የተሠራበት የቫይረስ ዝርያ ራሱ በ1980ዎቹ ዴልሂ ውስጥ ከተወለዱ ሕፃናት የተገኘ ነው። ማሃራጅ ባን የሚባሉ ሕንዳዊ የሕፃናት ሐኪም ከነሮጀር ግላስ ጋር ዓመታት ደከሙበት። ግላስ አሜሪካዊ የበሽታ ስርጭት አጥኚ ናቸው። ክትባቱ ከባድ የሮታ ተቅማጥን 54 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ በ2013 የአንዱ ጠብታ ዋጋ አንድ ዶላር ይሆናል ተብሎ ነበር። በ2016 በመንግሥት ክትባት ውስጥ ገባ። ለሌላ አገር ገበያ የተሞከረ ቢሆን ኖሮ እኔም ከብሩክ ጋር እቆም ነበር።

ብሩክ
ይህን እቀበላለሁ። ክትባቱ ለዚያው አገር ልጆች መድረሱ ትልቅ ነገር ነው። ግን «ሊያገኘው የማይችል» የምትለው ቃል ላይ ቆሜ ቀረሁ። መንግሥት አልገዛም ካለ ነው ወይስ መግዛት ካልቻለ? ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። ሕንድ ሮኬት የምታመጥቅ አገር ናት።

ደግሞስ ሙከራው ሲያልቅ ባዶ ጠብታ የወሰዱትን መከተብ አይቻልም ነበር?

ሲስተር አልማዝ
አይቻልም ነበር ወንድሜ። በጊዜው መመሪያው የመጀመሪያው ጠብታ ከ15 ሳምንት በፊት ይጀመር ይል ነበር፤ ዕድሜ ሲገፋ ያ የአንጀት ነገር ስለሚፈራ። ሙከራው እስኪያልቅ ልጁ ሁለት ዓመት ይሞላዋል። በኋላ እንክሰዋለን የሚባል ነገር ለሮታ የለም። እንዲያውም የአንተን ክርክር የሚያጠናክረው ይኸኛው ነው፤ እውነቱን ለመናገር።

ጋሽ መኮንን
እናትየዋ ይህን ተነግሯታል? «ልጅሽ ከሦስት አንድ ዕድል ባዶ ጠብታ ይደርሰዋል፤ እዚያ ክሊኒክ ግን የሚሸጥ አለ» ተብላለች? ከተባለች በኋላ ከፈረመች እኔ ዝም እላለሁ። ካልተባለች ግን ሌላው ሒሳብ ሁሉ አይገባኝም።

ሲስተር አልማዝ
ጋሼ፣ ስለ ሕንዱ ወረቀት መናገር አልችልም። ያየሁትን ግን ልንገርዎት። ከብዙ ዓመት በፊት በሠራሁበት ቦታ አንድ ጥናት መጣ። ክትባት አይደለም፣ ደም መውሰድ ብቻ ነበር። ወረቀቱ አራት ገጽ ነው። ወረፋው ረጅም፣ ሰዓቱ ረፍዷል። ለአንዲት እናት የመጀመሪያውን ገጽ አንብቤላት «ሌላውም ይኸው ነው» አልኳት። አውራ ጣቷን አስነካች። ክፉ አስቤ አልነበረም። ዛሬ ሳስበው ግን ይቆጨኛል። ስለ ሙከራ ስንከራከር ስለ ፕላሴቦ ብቻ እናወራለን፤ ያቺን አራተኛ ገጽ የሚያነብላት ሰው ግን አልነበረም።

ትዕግሥት
ሲስተር፣ ስለነገርሽን አመሰግናለሁ። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ብሩክ፣ ለአንተ አንድ ቁጥር ብቻ ልጨምር። በ2011 ከሜክሲኮና ከብራዚል በወጣ ጥናት፣ የሮታ ክትባት በዓመት ወደ 1,300 የሚሆኑ ሕፃናትን ከተቅማጥ ሞት ያተርፋል፤ በአንጀት መግባት ምክንያት ደግሞ 5 ሕፃናት ይሞታሉ ተብሎ ተሰላ። አምስቱም ልጆች ናቸው። ሁለቱንም ቁጥር ማወቅ የቻልነው ተሞክሮ፣ ከተሰጠም በኋላ ተከታትሎ የቆጠረ ሰው ስላለ ነው።

ብሩክ
ማላዊን ትቼላችኋለሁ። ሮታሺልድን በተመለከተም ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፤ አሥሩን ዓመት አላውቅም ነበር። ሕንድ ላይ ግን አሁንም ከጋሼ ጋር ነኝ። ያቺ እናት ክሊኒኩ ውስጥ የሚሸጠውን ክትባት ማወቅ ነበረባት። አውቃ «አልችልም፣ እዚሁ ልሞክር» ካለች የእሷ ውሳኔ ነው።